ምዕራፍ 7፦ ከሱቅ መደርደሪያ እስከ ቤት ግድግዳ፤ የእጅ ጥበብ በአቃቂ ቃሊቲ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች ወርዳ ሜዳውን በምትይዝበት፣ የአቃቂ ወንዝም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚያዘግምበት ስፍራ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በፋብሪካ ጭስ፣ በመጋዘን፣ በብረታ ብረትና በከባድ መኪና እንጂ በዕደ ጥበብ አይደለም። ይህ ስም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚሁ ሜዳ በኩል ስላለፈ፣ መኪና ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ፋብሪካ ለማቆም ያሰበ ባለ ሀብት ዐይኑን ወደ አቃቂ መጣሉ የተገባ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሕንድ ባለ ሀብቶች የተሳተፉበት፣ ኢንዶ ኢትዮጵያ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመውም በዚሁ ስፍራ ነው፤ እርሱም በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ታላላቅ ፋብሪካዎች ጋር ወደ መንግሥት ንብረትነት ተዛወረ።

ስለ እጅ ሥራና ስለ ቤት ጌጥ የሚናገር ምዕራፍ ከፋብሪካ አጥር ሥር መነሣቱ ግን አለነገር አይደለም። ዛሬ በገበያ ላይ ያለውን መልካም ነጠላ ወይም ጋቢ ወደ ብርሃን አቅንቶ ለሚመረምር ሰው፣ የማሽንና የእጅ ሥራ በአንድ ጨርቅ ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው ይገለጥለታል፤ ድሩ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ፣ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የሆነ ክር ሲሆን፣ ማጉ ግን አንዲት ሴት በእንዝርት የፈተለችው፣ እዚህ ላይ ቀጠን እዚያ ላይ ወፈር የሚል ፈትል ነው። ድር ተወጥሮ የሚመታና የሚፋተግ ስለሆነ ጥንካሬን ይሻል፤ ማግ ግን ሳይወጠር በመካከሉ ስለሚያልፍ ልስላሴውን ይዞ ይቀራል፤ የጋቢ ሙቀትና የነጠላ ልስላሴ የሚመጣውም ከዚሁ ከማጉ ነው። ማጉ እስኪገኝ ድረስ የሚደረገው ድካም ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ከፍሬው ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያም በኋላ ፈታይቱ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቱን እያሾረች ክሩን ትስባለች፤ እንዝርቱ ሲሞላም ፈትሉ ወደ ልቃቂት ይዛወራል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ እንዲህ በጣት ልክ እየተሳበ የሚሞላ፣ ጋቢውም አራት እጥፍ ሆኖ የሚሠራ ስለሆነ፣ በዋጋው የሚደነግጥ ሰው ከመደንገጡ በፊት ይህን በልቡናው ቢያሰላው መልካም ነው።

የአዲስ አበባን ሸማ ከሚሸምኑት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ የገቡት ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ነው። የዶርዜ ሰው ሽመናን የሚያውቀው በጥጥ ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ቢሆን የሚሠራው ቀርከሃ ሰንጥቆ እንደ ሸማ እየጠላለፈ፣ ቁመቱን ከፍ አድርጎ፣ በፊት ለፊቱም የዝሆን ግንባር የመሰለ መግቢያ አውጥቶ ነው፤ ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይወገድና ቤቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው ሕዝብ ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ኖሮ፣ እነርሱም በከተማይቱ ሰሜን ጫፍ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፈሩ። ከደቡብ የሚመጣው መንገደኛ ዛሬም የሚወርደው በቃሊቲ መናኸሪያ ነው፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመርም የደቡብ ዳርቻው ቃሊቲ ነው። ስለዚህ ሸማኔው በቃሊቲ በር ገብቶ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ የሠራው ሸማም ከሰሜን ተነሥቶ እንደገና ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፤ በዚህ መመላለሻ መካከልም፣ ከመናኸሪያው እስከ ቱሉ ዲምቱ በተዘረጋው ጎዳና ዳርና ወደ ውስጥ በሚገቡት መንደሮች፣ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ መሸጫው ጎን፣ የእጅ ሥራና የቤት ጌጥ የሚሸጥባት አነስተኛ ሱቅ ትገኛለች።

የእንዲህ ያለችው ሱቅ ስፋቷ ከአንድ ክፍል አይበልጥም፤ ዕቃው ግን ከወለል እስከ ጣራ ይደርሳል። ከበሩ ውጭ የጅማ በርጩማዎች ተደራርበው ይቆማሉ፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው እግራቸውና መቀመጫቸው ሳይገጣጠም አብሮ የወጣ ናቸው። ከውስጥ መሶብ፣ ሌማት፣ አገልግልና ሙዳይ በየልካቸው ተደርድረው፣ ጀበናና የዕጣን ማጨሻ በታችኛው መደርደሪያ ሆነው፣ ጥለት ያለበት የትራስ ልብስና መጋረጃ ታጥፎ ተቀምጦ፣ ከመንዝ የመጣ የበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ በማዕዘኑ ቆሞ፣ የተቦረቦረ ቅልም የመብራት ልብስ ሆኖ ከኮርኒሱ ተንጠልጥሎ ይታያል። እያንዳንዱ ዕቃ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከሌላ እጅ የወጣ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ነው፤ ሁሉንም በአንድነት የምታውቃቸው ባለ ሱቋ ብቻ ናት።

ይህች ሱቅ በዚህ ሰፈር ለምን እንደ በረከተች ለመረዳት ግን ከጎኗ የቆሙትን ሕንጻዎች መመልከት ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ አካባቢ እጅግ ብዙ ሕዝብ አሰፍሯል፤ ቤቱም ለዕድለኛው ሲተላለፍ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ብቻ የሆነ ነበር። ከቀበሌ ቤት ወይም ከኪራይ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቁልፍ የጨበጠ ቤተሰብ ጀሶውን አስለስኖ፣ ቀለሙን አስቀብቶ፣ ሴራሚኩን አስነጥፎ ሲያበቃ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊቱ ቆሞ ምን እንደሚያደርግበት ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ከጠባቡ ክፍል የሚሰፋ ሶፋና በወርቅ ቀለም የተለበጠ የባሕር ማዶ ሰዓት ይገዛል፤ የፕላስቲክ አበባም ይጨምርበታል። ያማረ መስሎት ነውና አልወቅሰውም። ነገር ግን በራሱ አገር ስለ ቤት ጌጥ ምን ያህል ጥልቅ ዕውቀት እንደ ነበረ የነገረው ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ድኻው የከተማ ሰው እንኳ ቤቱን ሳያስጌጥ የኖረበት ዘመን የለም። በጭቃና በጭድ የተመረገው ግድግዳ ጋዜጣ ይለጠፍበት ነበር፤ በልጅነቱ ከተኛበት መደብ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ እያነበበ ፊደል የለየ ብዙ ሰው አለ። ኮርኒሱ አቡጀዲ ተወጥሮ በኖራ ይቀባ ነበር። በባላገሩ ጎጆ ደግሞ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፣ ምሰሶው ላይ ዕቃ ይሰቀላል፣ በዓል ሲደርስ ቤቱ በአፈር ቀለም ይለቀለቃል፣ ቄጠማም ይጎዘጎዛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለዐይን ብቻ ተብሎ የተቀመጠ ነገር አይገኝም፤ አጎዛው የሚቀመጡበት፣ ሌማቱ እንጀራ የሚቀርብበት፣ ቄጠማውም አቧራ የሚያበርድ ነው፤ ሁሉም ግን ቤቱን ያሳምሩታል።

ይህ ሥርዓት ከፍጹምነት የደረሰው በሐረር ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው የሐረሪ ቤት እንግዳ የሚቀበሉበት አዳራሽ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው፤ የሚቀመጠው ሰውም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ የራሱ ስፍራ አለው። በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉ መስኮቶች ለመጻሕፍትና ለዕቃ ማኖሪያ ያገለግላሉ፤ ግድግዳው በሙሉ በስፌትና በሳህን ይሸፈናል፤ መደቡ የሚቀባው ቀይ አፈርም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደ ሆነ ይነገራል። ከሁሉ የበለጠ የሚደነቀው ግን በግድግዳው ላይ የሚታየው ስፌት ሥራ ያልፈታ መሆኑ ነው፤ የሰርግ ቀን ሲደርስ ከተሰቀለበት ወርዶ ስጦታና ምግብ ይዞ ይወጣል፣ ሰርጉ ሲያልፍ ወደ ስፍራው ይመለሳል። በዚህ ምዕራፍ ልናገር የፈለግሁት ነገርም ይኸው ነው፦ የእጅ ሥራ ቤትን የሚያስጌጠው አገልግሎቱን ሳይተው በስፍራው ሲቀመጥ ነው፤ አገልግሎቱን ከነጠቅነውና በሚስማር ብቻ ከሰቀልነው ግን ከፕላስቲኩ አበባ የሚለየው በዋጋው ብቻ ይሆናል።

ጥበብ ለአገልግሎት መሆኑን የሃይማኖት መጻሕፍትም ያስተምሩናል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 31 እና 35 እንደ ተጻፈ፣ ድንኳኒቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ይሠሩ ዘንድ በስም የተጠሩት ባስልኤልና ኤልያብ የእግዚአብሔር መንፈስ ያደረባቸው የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶችም በእጃቸው የፈተሉትን ሰማያዊና ሐምራዊ ፈትል እንዳመጡ በዚያው ተመዝግቧል። በአገራችንም ይህ ትምህርት ፍሬ አፍርቷል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር በሐር የተሠሩት የቤተ ክርስቲያን መንጦላዕቶች፣ ቁመታቸው ከ5 ሜትር በላይ የሆነ፣ በተበሱ ትናንሽ ሰሌዳዎች አማካይነት ክር በክር እየተጠላለፉ ሰውና መስቀል የተሣለባቸው ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። በዚያን ዘመን ይህን የሠራ እጅ የነበረው አገር ዛሬ የሳሎኑን መጋረጃ ንድፍ ከሌላ የሚለምንበት ምክንያት ሊኖረው አይገባም ነበር።

ምክንያቱ ግን አለ፤ እርሱም የሚያሳፍር ነው። ሸማውን ለብሰን ሸማኔውን ንቀናል፣ በምጣዱ ጋግረን ሸክላ ሠሪዋን አርቀናታል፣ በማረሻው አርሰን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብለነዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ የሰው ሁሉ ዘር አንድ መሆኑን አስታውሰው፣ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን ጨምሮ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም ንቀቱ በዋጋ ክርክር ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ከባሕር ማዶ የመጣውን ዕቃ በተጻፈበት ዋጋ ያለ ቃል የሚገዛ ሰው፣ የመሶብ ዋጋ ሲነገረው «ሣር አይደለም ወይ?» ብሎ ሲከራከር እሰማለሁ።

ሣር መሆኑ እውነት ነው። ስለዚህም ሣሩ እንዴት መሶብ እንደሚሆን በዝርዝር እናገራለሁ። ለስፌት የሚያገለግሉት ሁለቱ ዋና ዋና ሣሮች አክርማና ስንደዶ ናቸው፤ አክርማው በውስጥ ሆኖ አካል ይሰጣል፣ ስንደዶው በላይ እየተጠመጠመ መልክ ይሰጣል። ስንደዶው በወቅቱ ተለቅሞ፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ የሚፈለገውም ያህል በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ሰፊዋ ሥራዋን የምትጀምረው ከእምብርቱ ነው፤ ጥቂት አክርማ ጠቅልላ ክብ ታበጅና፣ ወስፌዋን በዙሩ መካከል ሰክታ ቀዳዳ ታወጣለች፣ በውሃ የለዘበውን ስንደዶ በቀዳዳው አሳልፋ ትስበዋለች፣ አጥብቃ ትይዘዋለች፣ ከዚያም አጠገቡ እንደገና ትሰካለች። አንድ ዙር ሲያልቅ ሌላው በላዩ ይሳፈራል። በፊቷ የተዘረጋ ንድፍ፣ በወረቀት የተሣለ መለኪያ የላትም፤ የትኛው ቀለም በስንተኛው ስፌት እንደሚገባ የምትቆጥረው በልቡናዋ ነው። ክቡ እየሰፋ ሲሄድ የስፌቱ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ሐረጉ ሳይዛባ እንዲያድግ በየዙሩ አዲስ ስሌት ያስፈልጋል፤ በታችኛው ዙር አንዲት ስፌት ብትሳሳት ስሕተቷ በላይኛው ዙር ሁሉ እየሰፋ ይታያል፣ ፈትቶ ከመመለስም በቀር መድኃኒት የለውም። ትልቁ መሶብ እግሩና ክዳኑ እስኪገጥም ወራት የሚፈጀው ስለዚህ ነው፤ ሰፊዋም ከቡና በኋላ፣ ልጅ ካስተኛች በኋላ፣ ከእርሻና ከገበያ በተረፈ ጊዜዋ ስለምትሠራው እነዚያ ወራት በአንድ ሰው ደመወዝ ተቆጥረው አያውቁም።

መልካሟ ባለ ሱቅ ይህን ታውቃለች። ገዢዪቱ መሶቡን ከሩቅ አይታ «እትዬ፣ ያኛው ደመቅ ያለው ስንት ነው?» ስትላት፣ ዋጋውን ከመናገሯ በፊት «ልጄ፣ እስቲ እጅሽን ወደ ውስጥ አግቢና ታችውን ዳስሺው» ትላታለች። የደመቀው በላዩ ስንደዶ መሳይ የፕላስቲክ ክር የተጠመጠመበት፣ ከውስጡ የላላ ሆኖ ይገኛል፤ ደብዘዝ ያለው ግን ጣት የማያስገባ፣ ዙሩ ከዙሩ የተጣበቀ ነው። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ከማናቸውም የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚበልጥ ትምህርት አለ። ትልቁ መደብር ዕቃን ይሸጣል፤ አነስተኛይቱ ሱቅ ግን ዕቃውን የመለየት ዕውቀትም አብራ ትሰጣለች፤ በእኔ አስተያየት በአቃቂ ቃሊቲ እንድትኖር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕውቀቱ ለሁሉ የሚገባ ስለሆነ ጥቂቱን እዚህ ልጻፈው። ነጠላና መጋረጃ ሲገዛ ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው፤ በሸማኔ እጅ የገባ ጥለት ክሩ በጀርባው ሲዛወር ይታያል፣ በማሽን የታተመ አስመሳይ ግን ጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው፤ ከውጭ ታትሞ የሚገባው ይህ ጨርቅ የሸማኔውን ገበያ እጅግ ጎድቶታል። አለላን በረጠበ ጣት ማሸት ነው፤ ቀለሙ ጣት ላይ ከቀረ እንጀራው ላይም ይቀራል። ጀበናንና ማሰሮን በጣት አጥንት መታ አድርጎ ማዳመጥ ነው፤ በደንብ የበሰለ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ስንጥቅ ያለበት ይታፈናል። በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ሴቶች ከአሮጌ ገል የተፈጨ ዱቄት ከጭቃው ጋር ቀላቅለው፣ ያለ መዞሪያ መኪና በእጃቸው ብቻ ግድግዳውን አቅንተው የሚያወጡት ጀበና ከሁለቱም ወገን ፍጹም እኩል ባይሆን ነውር አይደለም፤ አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ ጡቱ በልኩ ተበስቶ፣ ቡናውን ሳያንጠባጥብ መቅዳቱ ግን ግዴታው ነው።

በዚህ ነገር ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ምስክር ልጥራ። ጃፓን ፋብሪካ ባጥለቀለቃት ጊዜ ያናጊ ሶኤትሱ የተባለ ፈላስፋ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች ለዕለት አገልግሎት የሚያበጇቸው ሳህኖች፣ ቅርጫቶችና ጨርቆች ከቤተ መንግሥት ጌጥ የማያንስ ውበት እንዳላቸው ለሕዝቡ ማስተማር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ የከፈተው የሕዝባዊ ዕደ ጥበብ ሙዚየምም ዛሬ ድረስ አለ። ጃፓኖች ከባቡርና ከመኪና ሥራ ሳይቦዝኑ የገበሬውን ሳህን ማክበራቸው፣ ለአቃቂ ሰው የሚነግረው ነገር አለ፤ ፋብሪካና የእጅ ሙያ በአንድ ሰፈር ተጎራብተው መኖር ይችላሉ። እኛም በ6 ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለን፤ መሶብ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ እዚያ ገብቶ ጥንታውያኑን ስፌቶች ቢመለከት ዐይኑ ይሠለጥናል።

ዐይኑ የሠለጠነ ሰው ወደ ጠባቡ የጋራ መኖሪያ ቤት ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የቡናውን ስፍራ ይሁን። በአንድ ማዕዘን ረከቦት፣ ጀበና፣ ማጨሻና ሁለት በርጩማ ቢቀመጡ፣ ያ ማዕዘን ያለ ሌላ ወጪ የቤቱ ልብ ይሆናል፤ በየቀኑ ስለሚሠራበትም አቧራ አይይዘውም። ጋቢውን በሳጥን ከመቆለፍ በወንበር መደገፊያ ላይ ማኖር ይሻላል፤ ማታ ብርድ ሲመጣ የሚደርበው ሰው አያጣም። ሌማቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል መልካም ነው፤ ነገር ግን በእሑድ ምሳ ይውረድ። መሶብ እርጥበት ጠላቱ ስለሆነ ወጥ ቤት ቧንቧ ሥርና የውጭ ግድግዳ አጠገብ አይኑር፤ ከተጠቀሙበትም በኋላ ወዲያው ሳይከድኑ ማናፈስ ይገባል። ባና ከሴራሚክ ወለል ላይ ቢነጠፍ የአቃቂን የጠዋት ብርድ ከእግር ያርቃል። ዕቃ ማብዛት ግን ጌጥ አይሆንም፤ ነጩ ግድግዳ ባዶ ሆኖ የሚቀርበት ስፍራም ያስፈልገዋል። ከአምስት ርካሽ ዕቃ አንድ በሚገባ የተሰፋ ሌማት እመርጣለሁ።

ባለ ሱቆቹ ራሳቸው የሚያጠፉት ነገር ስላለም ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቹ የዕቃውን አገር በቃል ያውቁታል፤ «ይህ የመንዝ ነው፣ ያ የጅማ ነው» ይላሉ። የሠሪውን ስም ግን አይመዘግቡም። ሠሪዋ ሴት መሶቧን ለአመላላሽ ነጋዴ ሸጣ ከተለየችው በኋላ የት እንደ ደረሰ አታውቅም፤ ገዢውም ከማን እጅ እንደ ወጣ አያውቅም፤ በሁለቱ መካከል ስሟ ይጠፋል። ስሟ ሲጠፋም ጥሩ ሰፊና መናኛ ሰፊ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ጥሩዋ አጥብቃ በመስፋቷ የምታተርፈው ስለሌለ በሚቀጥለው ጊዜ አላልታ ትሰፋለች። የስፌቱ ጥራት እየወረደ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን አምናለሁ፤ ለመፍትሔውም ትልቅ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።

እንግዲህ ባለ ሱቅ የሆንሽ እኅቴ፣ ዕቃ ስትረከቢ የሠራችውን ሴት ስምና አገር፣ የፈጀባትንም ጊዜ ጠይቀሽ ጻፊ፤ በትንሽ ወረቀትም አድርገሽ ከመሶቡ ጆሮ ላይ እሠሪው። ገዢ የሆንህ ወንድሜም በቃሊቲ ይሁን በቱሉ ዲምቱ ወደ እንዲህ ያለች ሱቅ ስትገባ፣ ስለ ዋጋው ከመከራከርህ በፊት ማን ሠራው ብለህ ጠይቅ፤ መልሱን ካገኘህ የተባለውን ዋጋ ክፈል።